ዜሮ ነጥብ ስምንት

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላው የሚቀባውን ስትመረምር የኖረች ሴት፣ የራሷ እጅ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በቀን ሃያ ጊዜ ትታጠባለች፣ ጓንት ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች፤ ቅባት ግን አትነካም። የተቀባ እጅ ናሙና ያበላሻል። በቤተ ሙከራው ያሉት ሁሉ በዕድሜ ስለምትበልጣቸው "እትዬ" ይሏታል። "እትዬ፣ ኧረ እጅሽን አንድ ቀን እንኳ አባብይው" ሲሏት "ጡረታ ስወጣ በገንዳ እነክረዋለሁ" ትላቸዋለች። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ አዲስ ለመፍጠር ግን ጉልበቱ አልነበራትም።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ክሬሙም፣ ሎሽኑም፣ ሻምፖውም ውኃ ስላለበት ይሻግታል። እንዳይሻግት ማቆያ ይጨመርበታል። ማቆያው ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል፤ ካነሰ ደግሞ ሻጋታው ሰው ሳያየው ብልቃጡ ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል። ስለዚህ ከመቶ አንድ እጅ አይለፍ ተብሎ ተደንግጓል። እትዬ እንግዲህ ያችን ከአንድ እጅ በታች የሆነች ነገር ከዘይቱና ከሽቶው መካከል ፈልጋ አግኝታ ቁጥር ትሰጣታለች።

የምትለካበት ማሽን "አማት" ይባላል። ስሙን ያወጡለት ድሮ የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ምን ቢያበሏት ደስ አይላትም ብለው ነው። ትንሽ አየር ከገባባት ታኮርፋለች፤ በደንብ ያልተጣራ ነገር ካቀመሷት ሳምንት ትተኛለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ካልተሟሟቀች ሥራ አትጀምርም። እትዬም እንደዚያው ስለሆነች ይግባባሉ።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ትሪው ላይ ስድስት ናሙና ጠበቃት። ባልደረባዋ አራስ ከሆነች ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነበር። እግሯ ገና በጠዋቱ አብጧል። ናሙናዎቹ እንደወትሮው በነጭ ወረቀት ተጠቅልለው ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸዋል፤ መርማሪው የማን እንደሆኑ እንዳያውቅ ነው። ድንገት ያወቀ እንደሆነ ደግሞ ወዲያው ተናግሮ እጁን ማንሳት አለበት። ያን ደንብ ከጻፉት ሰዎች አንዷ ራሷ እትዬ ነበረች።

አራተኛዋ ብልቃጥ 417 ናት። የጥያቄ ወረቀቱ "ማቆያ ይለካ" ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ክዳኑን ስትከፍተው የሎሚ ልጣጭና የንብ ሰም ሸተታት። ይህማ የብዙ ሰው ነው። ከኋላው ግን አንድ ሌላ ሽታ ተከተለ፤ በጣም ትንሽ ያረረ ዘይት። ክዳኑ እጇ ላይ እንደተያዘ ቀረ።

ዘይት የሚያሳርር ሰው ዓለም ሙሉ ነው። እንዲህ አድርጋ፣ በጥቂቱ ብቻ የምታሳርር ግን አንዲት ናት፤ የእሷው ታናሽ እህት። ያች ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ እሳት ላይ የጣደችውን በሰላም አውርዳ አታውቅም። ወተት ታሳርራለች፣ ሾርባ ታሳርራለች፤ እናታቸው "ይቺ ልጅ ውኃም ቢሰጧት ታሳርረዋለች" ይሉ ነበር። አድጋ ስትጨርስ እንግዲህ ከሥራ ሁሉ መርጣ ድስት ጥዶ ማማሰልን ያዘች፤ ቅባት ሠሪ ሆነች።

ሁለቱ እህትማማቾች ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እትዬ ታውቀዋለች፤ አውቃም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖራለች። ታናሿ መጀመሪያ የሠራቻትን ብልቃጥ "ለእጅሽ" ብላ በስጦታ ሰጠቻት። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይቀባው ነበር። እትዬ ቤተ ሙከራ ወሰደችው። በክፋት አልነበረም፤ ልማድ ነው። ቅባቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ ብልቃጧን ባዶዋን መዘነች፤ ክብደቷንና የናሙና ቁጥር በወረቀት ጽፋ ለጠፈችባትና ቅባቱን መለሰችባት። ስትለካው ማቆያ የሚባል ነገር የለውም። ሦስት ሳምንት አስቀመጠችው፤ ሻገተ።

ይህን ለብቻዋ ብትነግራት ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። እትዬ ግን ዘመድ አዝማድ ቤታቸው በተሰበሰበበት፣ ታናሿ ብልቃጦቿን ደርድራ "ምንም ያልተጨመረበት ነው" እያለች ለአክስቶቿ በምታሳይበት ሰዓት፣ ያችን ቁጥር የተለጠፈባትን ብልቃጥ ከነሻጋታዋ ከቦርሳዋ አውጥታ መካከላቸው አኖረቻት። "ይሻግታል። ከመቶ ዜሮ ነጥብ ስምንት ማቆያ ጨምሪበት" አለች። እውነቷን ነበር፤ እውነቷን መሆኑ ነገሩን አባሰው። አንዷ አክስት ለማብረድ ብላ "ለመሆኑ ሻጋታው ራሱ ለፊት አይሆንም?" ብላ ጠየቀች፤ የሳቀላት የለም።

ታናሿ ብልቃጧን አንሥታ የተጻፈባትን አየች። "እኔ ለእህቴ ሰጠሁ እንጂ ለመሥሪያ ቤት አላስገባሁም" አለች። ብልቃጧን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ከእትዬ ጋር የሚኖሩት እናታቸው በሁለቱ መካከል ስልክ ሆኑ፤ "ለእህትሽ ንገሪልኝ" የሚለው ቃል በአፋቸው ተመላለሰ። አንድ ቀን ሲሰለቻቸው "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ላንቺ ነው" አሏት። "የሰው ሁሉ ቅባት ያሳስብሻል፤ የእናትሽ ልጅ ግን በርሽን ከረገጠች ዓመት አልፏታል።"

አሁን እንግዲህ 417 እጇ ላይ ናት። ደንቡ ተናገሪ ይላል። ልቧ ደግሞ ሌላ ነገር እያሰላ ነበር። በዚያ ወር ተቆጣጣሪዎች "ምንም ያልተጨመረበት" የሚል መለያ ያለውን ሁሉ ከየሱቁ እየሰበሰቡ ያስመጡ ነበር፤ መለያቸው ሐሰት ሆኖ የተገኘባቸው ሦስት ሠሪዎች በራቸው ታሽጓል። ይህም ከዚያው የመጣ መሆን አለበት። የታናሿ ቅባት ግን ምንም የለውም፤ በገዛ ዓይኗ አይታዋለች። ለክታ ዜሮ ትጽፋለች፤ መለያው እውነት ይሆናል፤ ታናሿ ትድናለች። ሻጋታውን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው። ሕይወቷን ሙሉ ቁጥር ስትጽፍ ሰው ስታስከፋ ኖራለች፤ አንዴ እንኳ እውነቱና እህቷ በአንድ መንገድ ቢሄዱላት ምናለበት? ደግሞም ደክሟታል። ሽታ ማስረጃ አይደለም አለችና ማንኪያዋን አነሣች።

አንድ ግራም መዘነች። አልኮል ጨመረችበት፣ በሞቀ ውኃ ውስጥ አቆየችው፣ መነቅነቂያው ከተበላሸ ወር ስለሆነው በክንዷ ነቀነቀችው። አጣርታ በጣት የምታህል ጠርሙስ ውስጥ አደረገችውና ለአማት ሰጠቻት። ማቆያ ካለ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ በስክሪኑ የሚሄደው መስመር ተነሥቶ ጉብታ ይሠራል፤ ከሌለ ሜዳ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሜዳውን ጠበቀች።

በሰባተኛው ደቂቃ መስመሩ ተነሣ።

ምናልባት ካለፈው ናሙና የተረፈ ይሆናል ብላ ንጹሕ አልኮል ብቻ አስገባች፤ ሜዳ ሆነ። እንደገና መዝና፣ እንደገና ነቅንቃ፣ እንደገና አስገባች። ጉብታው እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ደንቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚለው። እሷ ክንዷ እየዛለ ሦስተኛ ደገመችው። ዜሮ ነጥብ ስምንት ዜሮ። ዜሮ ነጥብ ስምንት አንድ። ዜሮ ነጥብ ስምንት ዜሮ።

በግምት የሚጨምሩትን ታውቃቸዋለች። በማንኪያ የሚሰፍር ሰው አንዴ ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ አንዴ አንድ ተኩል ያመጣል። ዜሮ ነጥብ ስምንት በዕድል አይገኝም። ይህ በአክስቶቿ ፊት በሹል አፏ የወረወረችው የራሷ ቁጥር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማችኝም ስትል፣ ለካ ያች ልጅ እያንዳንዷን ነጥብ ሰምታት ኖሯል። እትዬ ደስ አላት። ደስታው ግን ደቂቃ አልቆየላትም፤ መለያው "ምንም ያልተጨመረበት" እንደሚል ትዝ አላት። እህቷን ልምከራት ብላ የሰጠቻት ቁጥር ራሱ ሊያሳሽጋት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼኔ ነው።

የውጤት ቅጹን ፊት ለፊቷ አደረገች። "አልተገኘም" ብላ መጻፍ ትችላለች፤ አንዲት ቃል ናት። አማት የሚናገር አፍ የላትም፤ የሚጠይቃትም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ስለማያስፈልግ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእሷ ግን እያደር የከበደ እንጂ የጠራ ነገር አልታያትም። እጇን አየችው፤ ስንጥቁ ላይ ደም አቅርሯል። አንዲት እናት ሕፃኗን ልትቀባ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ እንደምትተማመን አሰበች። ከዚያ 0.80 ብላ ጻፈችና ተነሥታ ወደ ኃላፊው ክፍል ሄደች።

ኃላፊው በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። አሠልጥና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቁጥር ውስጥ ያለች ነጥብ ስለማታመልጠው ስሙን "ነጥብ" ያለችውም እሷው ናት።

"417ን ማን እንደሠራው አውቄዋለሁ" አለችው በሩ ላይ እንደቆመች።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ክዳኑን ስከፍተው።"

"ታዲያ ለክተውታል?"

"ሦስት ጊዜ።"

ነጥብ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። እሱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ እንዳደረ ሰው ደክሞታል። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ደንቡን ያስተማሩኝ። ማን ነው?"

"እህቴ ናት። ዜሮ ይወጣል ብዬ ነበር።"

ከዚያ በላይ አልጠየቃት። ጓንት አጥልቆ ሄደና ራሱ እንደ አዲስ ለካው። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ ጠበቀች። ያለፈ ያገደመው ሁሉ "እትዬ አመመሽ እንዴ?" ይላታል፤ "አይ፣ መቀመጥን እየሞከርኩት ነው" ትላለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ተመልሶ መጣ።

"ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ" አለ። "ቁጥርዎ ልክ ነው። ፊርማው ግን የእኔ ይሆናል። ደግሞ ሦስተኛውን ለምን እንደለኩ መዝገቡ ላይ ምክንያት መጻፍ አለብኝ።"

"ተስፋ ብለህ ጻፍ።"

"ለማረጋገጥ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ናሙናዎቹን ማን እንዳስገባቸው የሚገልጸውን መዝገብ ከተቆለፈው መሳቢያ አውጥቶ የ417ን መሥመር ፈለገ። ሲያገኘው ጣቱን እዚያው አኑሮ ትንሽ ቆየ። ቀና ብሎ አያትና መዝገቡን ዘጋው።

"እትዬ፣ ዛሬ ቀደም ብለው ይውጡ።"

"ገና ሁለት ናሙና አለኝ።"

"ነገም ቀን ነው። በእህትዎ በኩል ይለፉ።"

"ሄጄ እንዳስጠነቅቃት ነው?" አለች፤ አዘነችበት። እንዲህ አድርጋ አላሳደገችውም።

"ውጤቱ ተፈርሞ ወጥቷል፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። እባክዎ ይሂዱ" አለና ወረቀቱን ወደማገላበጥ ተመለሰ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስትደረድር ነበር፤ እኔ ነኝ የለካሁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ሳያሽጉብሽ በፊት ራስሽ ሄደሽ ተናገሪ። የታናሿ መሥሪያ ቤት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ በፊቱ አልፋለች፤ በአውቶቡስ መስኮት የብረት በሩን ታየዋለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ዛሬ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የሎሚው ሽታ ደጅ ድረስ መጥቶ ተቀበላት።

ታናሿ ድስት ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች። ከስታለች። ቀና ብላ አየቻትና ሳታቋርጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

"መጣሽ" አለች።

"የመጣሁት... አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ስንት ሆነ?"

"ምኑ?"

"አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።"

የናሙናን ቁጥር ከቤተ ሙከራው ሰዎች ሌላ የሚያውቀው ናሙናውን ያስገባው ሰው ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ይጻፍለታል። የነጥብ ጣት መዝገቡ ላይ ለምን እንደቆመ ያን ጊዜ ገባት። ቅባቱን ከሱቅ ያነሣው ተቆጣጣሪ አልነበረም።

"አንቺ ነሽ ያስገባሽው?"

"በገዛ እጄ" አለች ታናሿ። "ያኔ ከተጣላን ከወር በኋላ አንዲት እናት የሻገተ ብልቃጥ ይዛ መጣች። የልጇ አንገት ቆሳስሏል። አልጮኸችብኝም፤ ብልቃጡን አስቀምጣ ሄደች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ማቆያውን ገዝቼ አንቺ ያልሽውን ያህል መጨመር ጀመርኩ። ለሁለት ኪሎ ዐሥራ ስድስት ግራም። መለያውን ግን ልቀይረው አፈርኩ፤ በአክስቶቼ ፊት ስንት ነገር ተናግሬ።" በአገጯ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። "ሚዛኔን እይው። የዱቄት ሚዛን ነው። አንዴ ዐሥራ አምስት ይለኛል፣ አንዴ ዐሥራ ሰባት። ሦስት ሦስት ጊዜ እመዝናለሁ። አብዝቼ ልጆቹን አቃጥዬ ይሆን፣ አሳንሼ ይሆን እያልኩ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የለኝም።"

እትዬ ሚዛኑን አየች። ሚዛኑ ላይ አንዲት ባዶ ብልቃጥ ተቀምጣለች። ወረቀቷ በዘይት ወዝቷል፤ ጽሕፈቱ ግን የእሷው የእትዬ ነው። የናሙና ቁጥር አለ፣ ከሥሩ "ባዶ ክብደት 42.3 ግራም" ይላል።

"በእሷ ነው ሚዛኑን የምፈትነው" አለች ታናሿ። "አርባ ሁለት ካላለልኝ ድስት አልጥድም። ከቤቱ ውስጥ ክብደቱን በትክክል የማውቀው ዕቃ እሷ ብቻ ናት።"

"ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች እትዬ። "አንድ ቃል ብትልኪብኝ፣ በእማ በኩል እንኳ..."

ታናሿ ማማሰሉን አቆመች።

"ጠየቅሁሽ እኮ" አለች። "ስጦታ ባመጣልሽ ናሙና አደረግሽው። ስለዚህ ናሙና አድርጌ አመጣሁት።"

እትዬ ያገኘችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ድካም ያን ጊዜ ተለቀቀ። "ይቅር በይኝ" አለች። "ያን ቀን የተናገርኩት ልክ ነበር፤ ያደረግሁት ግን ልክ አልነበረም።"

"እሱን ተይው። አሁን ንገሪኝ፤ ልክ ነው?"

"ዜሮ ነጥብ ስምንት። ልክ ነው።"

"ሁልጊዜም ልክ ነበር ማለት ነው?"

"ይሄኛው ልክ ነው" አለች እትዬ። "ያለፈውን አላየሁትም።"

ታናሿ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል። "ምናለ አንዴ እንኳ ብትዋሽልኝ?"

"ዛሬ ልሞክረው ነበር። አልሆነልኝም።"

"ይሁን። ነገ መለያውን አስቀይራለሁ። ግማሹ ደንበኛ ይሄዳል።"

"ይሄድ ይሆናል።"

ከድስቱ የማረር ሽታ መጣ። "እያረረ ነው" አለች እትዬ። "ይረር" አለች ታናሿ፤ እሳቱን እንኳ አላጠፋችም። ከመደርደሪያው አንዲት ብልቃጥ አወረደች። ቁጥርም መለያም የላትም። ከእህቷ ፊት ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘችና ገልብጣ አየችው።

"ይኼ የሰው እጅ ነው?" አለች።

እትዬ እጇን ልትሰበስብ ፈልጋ ነበር። ነገ ሁለት ናሙና ይጠብቃታል፤ የተቀባ እጅ ናሙና ያበላሻል። አልሰበሰበችውም። ቅባቱ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ አቃጠላት፤ ታናሿ ጣት በጣት እያሸች እስክትጨርስላት ድረስ እጇን ሰጥታት ተቀመጠች።